የድረ ገጽ ሥራን ያለ መምህር ስለ መማር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ አንድ ጀማሪ የድረ ገጽ ፕሮግራም አሠራርን በራሱ ጥረት እንዴት ሊማር እንደሚችል የሚመለከት ነው። ጉዳዩ የጥቂት ወጣቶች ብቻ መስሎ እንዳይታየን አደራ እላለሁ። መምህር በሌለበት ከተማ ለሚኖር ወጣት ወደዚህ ሙያ የሚያስገባው በር ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ይህ ሙያ ለብቻ ለሚማር ሰው የተመቸ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም አሳቡን ካቀረበ በኋላ፣ ተቋሙ በ1993 ሥራውን ማንም ያለ ክፍያ እንዲገለገልበት ለቆታል። ከዚህም በላይ ብራውዘር የተከፈተውን ገጽ ምንጭ ጽሑፍ ገልጦ ያሳያል። የቆመን ድልድይ በማየት ብቻ በውስጡ ያለውን የብረት አቀማመጥ ማወቅ አይቻልም፤ ድረ ገጽ ግን ቢያንስ ወደ ተመልካቹ የሚደርሰውን ክፍል አይሸሽግም።

ለመነሻ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ የጽሑፍ ማዘጋጃና አንድ ብራውዘር ይበቃሉ። የመጀመሪያዎቹን ልምምዶች ለመሥራት ኢንተርኔት እንኳ የግድ አይደለም። ቅደም ተከተሉም ግልጽ ነው፤ ኤች ቲ ኤም ኤል የገጹን አካል ያቆማል፣ ሲ ኤስ ኤስ መልኩን ያበጃል፣ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ተጠቃሚው ላደረገው ነገር ምላሽ እንዲሰጥ ያደርገዋል።

እንግዲህ ብቻውን የሚማር ሰው የሚጐድለው መጽሐፍ ሳይሆን አራሚ ነው። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መሣሪያዎች የተዘጋጀ ፕሮግራም በቅጽበት ያቀርባሉ። ጀማሪው ገልብጦ ሲያስገባው ገጹ ይከፈታል፤ እርሱም የተማረ ይመስለዋል።

ለምሳሌ የአንድ ዕድር አባላትን ስም ከመዝገብ የሚፈልግ ገጽ ተሠራ እንበል። በመዝገቡ «ፀሐይ» ተብላ የተጻፈችው አባል «ጸሐይ» ተብላ ስትፈለግ አትገኝም። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን አይደሉም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው ሥርዐት ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አግኝቷል፤ «ጸ» 4920፣ «ፀ» ደግሞ 4928 ነው። ፕሮግራሙ ምንም የስሕተት ምልክት አያሳይም፤ ገልባጩም ጉድለቱን ሳያውቅ ይኖራል። ሐዘን የደረሰባት ሴት «ስምሽ የለም» ብትባል ግን ጉዳቱ በኮምፒዩተሩ ላይ አይቀርም። መሠረቱን የተማረው ጀማሪ ከማነጻጸሩ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት ወደ አንድ ይመልሳል፤ በመዝገቡ ያለውን አጻጻፍ ግን አይነካም፤ ስሙ የባለቤቱ ነውና።

ስለዚህ ለጀማሪው ሦስት ነገር እመክራለሁ። አንደኛ፣ የገለበጠውን ዘግቶ በራሱ እጅ ደግሞ ይጻፈው፤ የእያንዳንዱንም መስመር ተግባር በቃሉ ያስረዳ። ሁለተኛ፣ ብራውዘሩ የሚያወጣውን የስሕተት መልእክት ሳይሸሽ ያንብብ። ሦስተኛ፣ ትንሽም ብትሆን ሰው በእርግጥ የሚገለገልባትን ሥራ መርጦ ይሥራ፤ ተጠቃሚው ያላሰበውን ጥያቄ ያመጣበታልና።

ለእኛስ? ጥንቁቅ መሐንዲስ የኮምፒዩተርን ስሌት ከመቀበሉ በፊት በእጁ ግምት ያመሳክራል። ይህን ልማድ ያካበትን ሁሉ፣ እያንዳንዳችን አንድ ጀማሪ ይዘን በወር አንድ ጊዜ ሥራውን ብናይለት፣ «ይህ መስመር ለምን ተጻፈ?» ብለንም ብንጠይቀው፣ የጐደለውን አራሚ አገኘ ማለት ነው። ዕውቀቱ በነጻ ተሰጥቷል፤ እርማቱን መስጠት የእኛ ፈንታ ነው።