ሸክሙን ማን ይሸከማል?



ውድ የፎንቆ ወንድሞችና እህቶች! «መሪያችን ማን ይሁን?» ከማለታችን በፊት «ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው?» እንበል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በኸንደቅ ዘመቻ፣ «ቆፍሩ» ብለው አልተቀመጡም፤ ሆዳቸው አቧራ እስኪለብስ አፈር ተሸክመዋል። ኸሊፋው ዑመርም (ረ.ዐ) ለተራቡ ሕፃናት ዱቄት ሲሸከሙ፣ አገልጋያቸው «እኔ ልሸከም» ቢላቸው፣ «የቂያማ ዕለትስ ሸክሜን ትሸከምልኛለህን?» እንዳሉት ይወሳል።

በዘመናችንም አይተናል። በ2004 ሕዝበ ሙስሊሙ በአወሊያ የወከላቸው 17ቱ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ሹመትም ደመወዝም አልጠየቁም። አደራችንን ይዘው የመንግሥትን በር አንኳኩ። ከመካከላቸው ታስረው በ2007 የረጅም ዓመታት እስር የተፈረደባቸው አሉ።

ታዲያ እኛ በመስጂድ ኮሚቴ ለማኅተምና ለስም እንሻማለን? እኔም ኡስታዝ ስባል ደስ ይለኛል፤ የመድረሳውን ምንጣፍ የሚያራግፉት ግን ልጆቹ ናቸው። ከነገ ጀምሮ ኢንሻአላህ አብሬያቸው አራግፋለሁ። እናንተም ተወካይ ስትመርጡ አንደበቱን ሳይሆን እጁን እዩ፤ ጀናዛ ሲኖር ቀድሞ ዶማ የሚያነሳውን፣ የሰደቃውን ሒሳብ ሳይጠየቅ የሚያሳየውን ምረጡ።

አላህ ኢኽላሱን ይወፍቀን። አሚን!