የተመራማሪ ሥራ በምን ይመዘን?

(በኮልፌ ቀራኒዮ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህ በኮልፌ ቀራኒዮ የተሰበሰብነው ኹላችንንም በሚነካ አንድ ጥያቄ ለመነጋገር ነው። ይኸውም፥ አንድ ተመራማሪ ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመና ስንት ሰው እንደ ጠቀሰው ተቈጥሮ ዋጋው ሊታወቅ ይችላልን? የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዩጂን ጋርፊልድ የተባሉ አሜሪካዊ ማን ማንን እንደ ጠቀሰ የሚያሳይ የሳይንስ መዝገብ አወጡ። በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርኼ ሂርሽ የሰውን ሥራ በአንድ ቍጥር የሚገልጽ መለኪያ አቀረቡ፤ 20 ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱለት ሰው ቍጥሩ 20 ነው።

በዚያው በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። በ1965 አጭር ዘገባ በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት፥ በ1970ም ሰፊ ጥናት በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አሳተሙ። ከዚያ ነገሩ በየፊናው ተሠራጨ። በአሜሪካ ያሉ ኬሚስቶች ከፍሬው መርዛማውን ንጥረ ነገር አውጥተው በስማቸው ለማቶክሲን አሉት። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከብዙ የእንዶድ ዐይነት ኀይለኛውን፥ 44ኛውን መረጡ። ኹለቱም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተካፈሉ።

እንግዲህ ይህ ሥራ የሕክምና ነው? የኬሚስትሪ ነው? ወይስ የእርሻ? ቈጣሪው ግን በየመደርደሪያው ይከፋፍለዋል። የሕክምና ጸሓፊዎች ብዙ ይጠቃቀሳሉ፤ የሒሳብ ሰዎች ጥቂት ይጠቃቀሳሉ። ኹለቱን በአንድ ቍና መስፈር ፍርደ ገምድልነት ነው። የድኾች በሽታ ደግሞ ጸሓፊው ጥቂት ስለ ኾነ፥ ጠቃሹም ጥቂት ነው። በዐድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ ከሕፃናቱ በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ሳይታመም የቀረ ሕፃን ግን ማንንም አይጠቅስም። እንዶድን ሲያጥቡበት የኖሩት እናቶችም በየትኛውም መዝገብ ስማቸው የለም።

ዶክተር አክሊሉ በኋላ እንደ ተናገሩት፥ ከመሣሪያ እጥረት ሌላ፥ በአፍሪቃ የተደረገውን ምርምር የውጭ ሊቃውንት በቀላሉ አለማመናቸው ትልቅ እንቅፋት ነበር። ያልታመነ ሥራ አይጠቀስም፤ ያልተጠቀሰውም ይበልጥ አይታመንም።

ኾኖም ቈጠራው ይቅር አንልም። ቍጥር ከጠፋ ዝምድናና ትውውቅ በቦታው ይቀመጣሉ፤ ሰነፉም ከትጉው ጋራ እኩል ይኾናል። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፥ መዛኙ ቍጥሩን ከማየቱ በፊት ጽሑፉን ያንብብ። ኹለተኛ፥ እያንዳንዱ ከራሱ ሙያ ሰዎች ጋራ ይነጻጸር። ሦስተኛ፥ ሥራው ለአገሩ ሰው ምን እንዳደረገ ይጠየቅ።

እኛም ነገ ተመራማሪ ስንኾን ርእሳችንን ስንመርጥ፥ ብዙ የሚጠቀሰውን ወይስ ብዙ የሚያስፈልገውን? ዶክተር አክሊሉ የመረጡት በዥረት ዳር ያዩትን ነው። ምርጫው የእኛም ነው።