የሞተር ሳይክል ካቴናን በቤት ማስተካከል፦ ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ



ባለፉት ክፍለ ጊዜያት ስለ ዘር መረጣ፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀምና ስለ ድኅረ ምርት አያያዝ ተወያይታችኋል። የእኔ ድርሻ ከእነዚህ ሁሉ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ መሣሪያ ነው፤ እሱም ሞተር ሳይክል ነው። ዛሬ ሞተር ሳይክል ላላቸው አርሶ አደሮች ከመጓጓዣነት አልፎ የእርሻ መሣሪያ ሆኗል። ማዳበሪያ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ወደ ማሳ ያደርሳል፤ ቲማቲምና ሽንኩርት ገበያ ያወጣል፤ በሌሊት የታመመ ሰው ሲኖር ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ይህ ሁሉ ሥራ የተንጠለጠለው በአንዲት ካቴና ላይ ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው፣ ያንን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ካቴናው ነው።

የዛሬው ገለጻ ዓላማ እያንዳንዳችሁ የካቴናን ልልነት በቤታችሁ መለካትና ማስተካከል እንድትችሉ ነው። ሥራው ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም። ነገር ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፦ ካቴና ሲላላ ብቻ ሳይሆን ሲጠብቅም ይጎዳል። ጭነት ለምትጭኑ ለእናንተ ደግሞ የጠበቀው ከላላው ባልተናነሰ አደገኛ ነው።

1. ካቴና ሲላላና ሲጠብቅ ምን ይሆናል?

የላላ ካቴና ይወዛወዛል፣ ሽፋኑን እየመታ ድምፅ ያሰማል፣ ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ይንጣል። በጣም ከላላ ከጥርሱ ላይ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ጭነት ይዛችሁ ካቴናው ወርዶ በጥርሱና በጎማው መካከል ከተወተፈ የኋላ ጎማው ባለበት ይቆለፋል። ይህ ሰው የሚጥል አደጋ ነው።

የጠበቀ ካቴና ግን ድምፅ ስለሌለው ደህና ይመስላል። ጉዳቱ ከውስጥ ነው። የፊተኛው ጥርስ የተሰካበትን ዘንግ ያለማቋረጥ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ የካምቢዮውንና የኋላ ጎማውን ኩሽኔታ ይበላል፤ ጥርሶቹን ይሞርዳል፤ በመጨረሻም ካቴናው ራሱ ይበጠሳል። ካቴና መቀየር የአንድ ቀን ወጪ ነው። የካምቢዮ ኩሽኔታ መቀየር ግን ሞተሩን ማስፈታት ነው።

ምራን የምታውቁ ናችሁ። ምራን ከላላ ሞፈሩ ይዋልላል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ መፈናፈኛ ያጣል። የካቴናም ነገር እንዲሁ ነው፤ የሚፈለገው ልክ ነው።

2. ጭነት ልልነትን እንዴት ይቀንሳል?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የኋላ ጎማው የተያዘው ወደ ላይና ወደ ታች በሚንቀሳቀስ ክንድ ነው። ሞተር ሳይክሉ ባዶ ሲሆን ሞላው ተዘርግቶ ጎማው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ሰው ሲቀመጥበትና ጭነት ሲታሰርበት ሞላው ይጨመቃል፣ ክንዱም ወደ ላይ ይነሳል። በዚህ ጊዜ በፊተኛው ጥርስና በኋለኛው ጥርስ መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል። የካቴናው ርዝመት ግን ያው ነው። ስለዚህ ባዶውን ሳለ ልል የነበረው ካቴና በጭነት ጊዜ እየጠበቀ ይሄዳል።

ባዶውን ሳለ «ጥብቅ አድርጌ ልሥራው» ብሎ የወጠረ ሰው፣ አንድ ባለ 50 ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት ጭኖ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ካቴናው እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። ካቴናው የሚበጠሰው፣ ኩሽኔታውም የሚሰበረው ያኔ ነው። ልልነት የተተወው ለዚህ ቀን መሆኑን አትርሱ።

3. የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ከሞተር ሳይክሉ ጋር የተሰጡት ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ወይም የተማሪ ማስመሪያ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ጥቂት ላምባ ወይም ናፍጣ፣ የካቴና ዘይት ወይም 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት። በዳዶው ልክ የሆነ ቁልፍ ተጠቀሙ፤ የሰፋ ቁልፍ የዳዶውን ጠርዝ ያሟልጠዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ፤ መክፈቻውን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ሕፃናትን አርቁ። ሞተሩን አስነስቶ ጎማው በሚዞርበት ጊዜ ካቴና መጥረግ ወይም ዘይት ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ጨርቁ በጥርሱ ከተያዘ ጣትን ይዞ ይገባል፤ እጅ ለመሳብ ጊዜ አይሰጥም። ጎማውን በእጅ ስታዞሩም የምትይዙት ጎማውን ይሁን፣ ካቴናውን አይሁን።

4. ልልነቱን መለካት

አንደኛ፦ ሞተር ሳይክሉን ደልዳላ ቦታ ላይ በመሃል መቆሚያው አቁሙና ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ።

ሁለተኛ፦ የኋላ ጎማውን ቀስ እያላችሁ በእጅ አዙሩ፤ በየመሃሉ እያቆማችሁ የታችኛውን የካቴና መስመር በጣት ከፍና ዝቅ አድርጉ። ካቴና በሁሉም ቦታ እኩል አያልቅም፤ አንዱ ቦታ ልል፣ ሌላው ጥብቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በጣም የጠበቀውን ቦታ ፈልጉና እዚያ ላይ አቁሙ። መለካት ያለበት እሱ ነው። በላላው ቦታ ለክታችሁ ከወጠራችሁ፣ ጥብቁ ቦታ ሲደርስ ከልክ ያልፋል።

ሦስተኛ፦ በሁለቱ ጥርሶች መካከል፣ በታችኛው መስመር እኩሌታ ላይ ማስመሪያውን አቁማችሁ ያዙ። ካቴናውን ወደ ታች ጫኑና ቁጥሩን ያዙ፤ ወደ ላይ ግፉና እንደገና ቁጥሩን ያዙ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልልነት ይባላል።

ልኩ ስንት ነው? በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም የሁለት ጣት ስፋት አካባቢ ማለት ነው። ለገጠር መንገድ ተብለው የተሠሩት ረጅም ሞላ ያላቸው ከዚህ የበለጠ ልልነት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የሚታመነው ከሞተር ሳይክሉ ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ ወይም በኋላ ክንዱ ላይ የተለጠፈው ምልክት ነው። መጽሐፉ በጎን መቆሚያ ላይ ለኩ የሚል ከሆነ በዚያው ለኩ። ጭነት የምታበዙ ከሆነ ደግሞ ከተፈቀደው ልክ ሳትወጡ ወደ ልሉ ጠርዝ አድሉ።

ካቴናቸው በሙሉ በሽፋን የተከለለባቸው ሞተር ሳይክሎችም አሉ። በሽፋኑ ላይ ትንሽ የላስቲክ መክደኛ አለች፤ እሷን አውልቃችሁ በቀዳዳው ለኩ፤ ስትጨርሱ መልሳችሁ ክደኑ።

5. ማስተካከል

ሀ. የኋላ ጎማው ፔርኖ ላይ ኮፒሊያ የሚባለው መቆለፊያ ሽቦ ካለ በፒንሳ አውጡት። የፔርኖውን ዳዶ አላሉት፤ አታውጡት። የፍሬኑን ሰሃን ከክንዱ ጋር የሚያስረው ብረት ዳዶ ካለው እሱንም ትንሽ አላሉት።

ለ. በክንዱ ጫፍ ግራና ቀኝ ሁለት ማስተካከያዎች አሉ። ማቆሚያ ዳዶዎቻቸውን አላሉ።

ሐ. ካቴናው የላላ ከሆነ የግራውን ማስተካከያ ሩብ ዙር አጥብቁ፤ ከዚያ የቀኙን እንዲሁ ሩብ ዙር። እንደገና ለኩ። ልኩ እስኪመጣ በዚህ መንገድ ቀጥሉ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አይገባም። ካቴናው የጠበቀ ከሆነ ሁለቱንም እኩል አላሉና ጎማውን ከኋላ ወደ ፊት ግፉት።

መ. በክንዱ ግራና ቀኝ የተሰመሩትን ምልክቶች ተመልከቱ። ማስተካከያው በግራ ሦስተኛው መስመር ላይ ከሆነ በቀኝም ሦስተኛው ላይ መሆን አለበት። ቀንበር ወደ አንድ ጎን ካጋደለ አንዱን በሬ እንደሚያቆስል ሁሉ፣ ጎማውም ከተጣመመ ካቴናው ጥርሱን በአንድ ጎን ይበላዋል፤ ሞተር ሳይክሉም ወደ አንድ ወገን ይስባል።

ሠ. ጎማውን ወደ ፊት ገፍታችሁ ሁለቱም ማስተካከያዎች መያዛቸውን አረጋግጡ፤ የፔርኖውን ዳዶ በደንብ አጥብቁ። ማቆሚያ ዳዶዎቹንና የፍሬኑን ብረት ዳዶ አጥብቁ። ኮፒሊያውን በአዲስ ተኩና ጫፎቹን እጠፉ። የደከመ ኮፒሊያ መልሶ መጠቀም በጥቂት ሳንቲም ጎማ ማስወለቅ ነው።

ረ. እንደገና ለኩ። ፔርኖው ሲጠብቅ ልልነቱ ሊለወጥ ስለሚችል ይህ ደረጃ አይዘለልም።

6. ፍሬኑን አትርሱ

ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ በዘንግ የሚሠራው የኋላ ፍሬንም አብሮ ይወጠራል። ካቴና አስተካክለው ፍሬኑን ሳያዩ የሚነሱ ሰዎች፣ ፍሬኑ ሳይረገጥ እየያዘ ጎማው ይግላል፣ ነዳጅም ይበላል። የፍሬኑን መርገጫ በእጃችሁ ጫኑት፤ ፍሬኑ መያዝ ከመጀመሩ በፊት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። ካልሆነ በዘንጉ ጫፍ ያለውን ዳዶ አስተካክሉ። ጎማውን አዙሩ፤ ያለ መታሸት መዞር አለበት። ፍሬን ሲረገጥ የኋላው መብራት መብራቱንም እዩ።

ከዚያ ያለ ጭነት በዝግታ አጠገባችሁ ነድታችሁ ተመለሱና የዳዶዎቹን ጥብቀት ፈትሹ።

7. ጽዳትና ዘይት

ካቴና ቶሎ የሚላላው በአቧራና በጭቃ ነው። በየ500 ኪሎ ሜትሩ አጽዱ፣ ዘይት አድርጉ፣ ልልነቱንም ለኩ። በሐምሌና ነሐሴ ጭቃ፣ በጥርና የካቲት አቧራ ከዚያም ቀደም በሉ። ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ደግሞ በዚያው ቀን አድርቃችሁ ዘይት ስጡት።

ለማጽዳት ላምባ ወይም ናፍጣ በብሩሽ ተጠቀሙ፤ በቤንዚን አታጽዱ። ቤንዚን እሳት ያስነሳል፤ በካቴናው መገጣጠሚያ የላስቲክ ቀለበት ካለም ያበላሻል። ካደረቃችሁ በኋላ ዘይቱን በታችኛው መስመር ውስጠኛ ጎን ላይ እያዞራችሁ አንጠባጥቡ፤ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት የብረት ብናኝ ይዟል፤ ግሪስ ደግሞ ከላይ ተለጥፎ አሸዋ ይሰበስባል፣ ወደ ውስጥም አይገባም። ሁለቱም ለካቴና አይሆኑም።

8. ካቴናው ማለቁ በምን ይታወቃል?

ማስተካከል ያለቀ ካቴና አያድንም። ማለቁን የሚያሳዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ማስተካከያው የመጨረሻው መስመር ላይ ደርሷል፤ ካቴናውን ከኋለኛው ጥርስ ጀርባ ይዛችሁ ስትጎትቱት የጥርሱ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይታያል፤ ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ጎብጠዋል፤ ከመገጣጠሚያዎቹ አንዳንዶቹ ደርቀው አይታጠፉም።

በሜትርም ማወቅ ይቻላል። በትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ በብዛት የሚገኘው 428 ቁጥር ካቴና ነው፤ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ካቴናውን ወጥራችሁ ከአንድ ፒን መሃል ተነስታችሁ ቀጣዩን አንድ ብላችሁ እስከ ሃያኛው ፒን መሃል ለኩ። አዲስ ሲሆን 25.4 ሴንቲ ሜትር ነው። 25.7 ሲደርስ ገንዘብ አዘጋጁ፤ 25.9 ከደረሰ ቀይሩ።

ገንዘብ ለማትረፍ አንድ መገጣጠሚያ ቆርጦ ማሳጠር አይበጅም፤ የተሳበው ካቴና ከጥርሱ ጋር አይገጥምም። ሲቀየርም ካቴናውና ሁለቱ ጥርሶች አብረው ይቀየሩ። አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ቶሎ ያልቃል። የካቴናው ማያያዣ ቅንጥብ ያለው ከሆነ ድፍኑ ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፤ ክፍቱ ጫፍ ከቀደመ ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል።

9. የመስክ ልምምድ

አሁን በአራት በአራት ሆናችሁ ወደ ውጭ እንወጣለን። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሞተር ሳይክል ላይ መጀመሪያ ባዶውን ይለካል። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሞተር ሳይክሉ ከመቆሚያው ወርዶ በሁለት ሰዎች ተደግፎ ሳለ፣ አንድ ሰው ተቀምጦበት አራተኛው ይለካል። በመጨረሻም 50 ኪሎ ከረጢት ተጭኖ ይለካል። ሦስቱን ቁጥሮች ጻፉና አስተያዩ። በሙሉ ጭነት ካቴናው በጣት ሲገፋ ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ጠብቋልና አላሉት።

ለማጠቃለል ያህል፦ በጠበቀው ቦታ ለኩ፤ ጭነታችሁን አስቡ፤ ግራና ቀኝ እኩል አድርጉ፤ ፍሬኑን ፈትሹ። የለካችሁበትን ቀንና የኪሎ ሜትር ቁጥር በደብተራችሁ መዝግቡ። ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ ሞተር ሳይክል ላላቸው ጎረቤቶቻችሁ ይህንኑ አሳዩ፤ በተለይም ሰውና ጭነት እያመላለሱ ለሚተዳደሩት ወጣቶች። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ የገበያ ቀን ምርትን ከመንገድ ላይ ያተርፋል፤ የሰውም ሕይወት ያተርፋል።

 ወደ ልምምዱ እንሂድ።