ማረጥና ማስታወስ፦ የሳጥኑን ቁልፍ ከመረከባችን በፊት

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ከሒሳብ ክፍል ሰው ተነሥቶ ሲናገር የሚጠበቀው ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ደረሰኝ ነው። እሱ በሪፖርቱ ውስጥ ስላለ ዛሬ ሌላ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩ ከቁጠባ ሳጥናችን ግን ብዙ አይርቅም። ስለ ማስታወስ ነው፤ በተለይም የወር አበባ ሊቋረጥ ሲል በሴት አንጎል ላይ ስለሚሆነው ነገር።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቡድን ገንዘብ ያዦቻችን መካከል «ቁልፉን ተረከቡኝ» የሚሉ እናቶች መጥተዋል። አንደኛዋ ዕድሜያቸው ሃምሳ አካባቢ ነው። ለዓመታት የቡድናቸውን መዋጮ በቃላቸው ይዘው፣ የማን ስንት እንደቀረ መዝገብ ሳያዩ ይናገሩ ነበር። አሁን የሰው ስም አፋቸው ላይ ደርሶ ይጠፋባቸዋል። ጓዳ ገብተው ምን ፈልገው እንደገቡ ይረሳሉ። ሌሊት በላብ ተጠምቀው ይነቃሉ። «ጃጀሁ መሰለኝ፤ የሰው ገንዘብ ከማጠፋ ይቅርብኝ» አሉን። መዝገባቸውን ከደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርን። አንድ ብር አልጎደለም።

ገንዘቡ ሳይጎድል ሰውየዋ ራሳቸውን እንደ ጎደሎ ቆጠሩ። ስለዚህ ምን እየሆነ እንዳለ ማወቅ አለብን።

ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን በዋናነት የሚያመርቱት እንቁላል የሚያወጡት ሁለቱ ዕጢዎቻችን ናቸው። ብዙዎቻችን ከወር አበባና ከወሊድ ጋር ብቻ እናያይዘዋለን። ነገር ግን በደም ተጉዞ አንጎልም ይደርሳል፤ አንጎል ውስጥም የሚቀበሉት ሕዋሳት አሉ። ከሚገኙባቸው ቦታዎች መካከል ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍልና በግንባራችን በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ይገኙበታል። ሂፖካምፐስ አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚመዘገብበት ነው፤ በእኛ ሙያ የዕለት መዝገብ ልንለው እንችላለን። የፊተኛው ክፍል ደግሞ ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይዘን እንድንሠራ ያደርገናል።

በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ብሩስ ማክዩንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ በሴት አይጦች ላይ ያዩት ነገር አስደናቂ ነበር። ኤስትሮጅን ከፍ ሲል በሂፖካምፐስ ያሉ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ጥቃቅን ቡቃያዎች ይበዛሉ፤ ዝቅ ሲል ያንሳሉ። ይህ የሚሆነው በቀናት ውስጥ ነው።

አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አረጠች የሚባለው የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይመጣ ሲቀር ነው። ከዚያ በፊት ግን ጥቂት የሽግግር ዓመታት አሉ። በእነዚህ ዓመታት ኤስትሮጅን ቀስ እያለ ብቻ አይቀንስም፤ እንደ ሰፈራችን የቧንቧ ውሃ አንዴ ይንዶለዶላል፣ አንዴ ጭል ይላል። ድንገተኛው ሙቀት፣ የሌሊቱ ላብ፣ የእንቅልፍ መቆራረጥ የሚመጡትም በዚሁ ጊዜ ነው። ያልተኛ ሰው ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ይረሳል።

ታዲያ መርሳቱ ይቀጥላል ወይ? በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 52 ዓመት ከነበረ ጊዜ ጀምሮ የተከታተሉ ሴቶችን የያዘ ትልቅ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ክፍሉ 2,362 ሴቶች ለአራት ዓመታት በተደጋጋሚ ተፈትነዋል። ሰው አንድን ፈተና ደጋግሞ ሲወስድ ውጤቱ ይሻሻላል። በሽግግሩ ላይ የነበሩት ሴቶች ግን እንደ ሌሎቹ አልተሻሻሉም። ካረጡ በኋላ ያሉት ግን እንደ ቀድሞው የመሻሻል አቅማቸው ተመልሶ ታየ። ይህን ልብ በሉልን። እናቶቻችን የሚነግሩን መርሳት እውነት ነው፤ ለአብዛኞቹ ግን የሚያልፍ ነው።

እዚህ ላይ «የጎደለው ኤስትሮጅን ከሆነ ክኒኑን ገዝተን ብንውጥስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ታሪኩ ውስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በካናዳ ሞንትሪያል ባርባራ ሸርዊን የተባለች ተመራማሪ፣ በቀዶ ሕክምና ማሕፀናቸውና ሁለቱ ዕጢዎቻቸው የወጡላቸውን ሴቶች ፈትና ነበር። ሆርሞን ያልተሰጣቸው በማስታወስ ፈተና ዝቅ ሲሉ፣ የተሰጣቸው ግን ባሉበት ቆዩ። ይህ ብዙ ተስፋ ሰጠ።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ 4,532 ሴቶችን ይዞ ተቃራኒውን አሳየ። ኤስትሮጅንን ከፕሮጄስቲን ጋር የወሰዱት በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ጨመረ። የሒሳብ ሰዎች ነንና «እጥፍ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃንም። ከ10,000 ሴቶች በዓመት 22 የነበረው 45 ሆነ ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ አንጎልን ይጠብቃል ተብሎ ለሚወሰድ መድኃኒት ግን ትልቅ ኪሳራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ካረጡ ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን 693 ሴቶች እስከ አራት ዓመት ተከታትሎ፣ ሆርሞኑ ማስታወሳቸውን አልጎዳም፣ አልጠቀመም አለ።

ስለዚህ ዕድሜና ጊዜ ወሳኝ ናቸው። ሆርሞኑ ለከባድ ሙቀትና ላብ ጥሩ መድኃኒት ነው። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም ስትሮክ ለነበረባት ሴት ግን አደጋ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያይ አይወሰድም። ለማስታወስ ተብሎ በጎረቤት ምክር ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ነገር አይደለም። ከጊዜዋ በፊት ዕጢዎቿ በቀዶ ሕክምና የወጡላት እህት ግን ጉዳይዋ የተለየ ነውና ሐኪሟን ሳትዘገይ ታማክር።

መርሳት ሁሉ ከማረጥ ነው ማለታችንም አይደለም። ቁልፉን የት እንዳስቀመጡት መርሳት አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል መርሳት ሌላ ነው። ለዓመታት በተመላለሱበት ከፒያሳ ወደ መናኸሪያ በሚወስድ መንገድ መጥፋት፣ ያንኑ ጥያቄ በደቂቃዎች ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ብር መቁጠር ማቃት ሕክምና የሚሹ ምልክቶች ናቸው። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከምና የመንፈስ ጭንቀትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።

አንጎልን ስለሚጠብቀው ነገርም መልካም ዜና አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የባለሙያዎች ሪፖርት፣ 14 ሊስተካከሉ የሚችሉ ምክንያቶች ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ይላል። ከእነዚህ ውስጥ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የተበከለ አየር፣ ብቸኝነት፣ የትምህርት ማነስ፣ የመስማትና የማየት ችግር ይገኙበታል። እስቲ ወደ ቤታችን እናምጣው። ግፊት መለካት፣ የማገዶ ጭስ የሚወጣበት መስኮት መክፈት፣ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር በእግር መሄድ፣ መነጽር ማድረግ፣ ቡና ጠርቶ መጠራራት፣ ጎልማሳ ሆኖም ፊደል መቁጠር ሁሉ ለአንጎል ነው።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቁጥር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተጠየቁት 15,683 ሴቶች ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ነበር። ወንዶቹ ግን እስከ 59 ተጠይቀዋል። ጥናቱ በወሊድ ላይ ስለሚያተኩር ምክንያቱ ይገባናል። ውጤቱ ግን ሴት 50 ዓመት ሲሞላት ከቆጠራው ትወጣለች፤ የጤና ፕሮጀክትም ብዙውን ጊዜ ቁጥሩን ይከተላል። በሲዳማ ባህል ግን የሴቶች ኅብረት የሆነውን ያካን የምትመራው በዕድሜና በብልሃት የበሰለች ሴት ናት። ባህሉ የሚያከብረውን ዕድሜ በጀታችን ሊረሳው አይገባም።

በዚህ መሠረት ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ «ረሳሁ» ያለች ገንዘብ ያዥ መዝገቧ ሳይመረመር ከኃላፊነት አትነሣ፤ ራሷም ለመውረድ አትቸኩል። ሁለተኛ፣ በሁሉም ቡድን፣ ወጣትም ትሁን አዛውንት ገንዘብ ያዧ፣ መዋጮ በሁለት ሰው ፊት ተቆጥሮ በዕለቱ ይመዝገብ፤ በቃል መያዝ ይቅር። ይህ አንዷን መጠርጠር ሳይሆን ሁሉንም ማሳረፍ ነው። ሦስተኛ፣ በሚመጣው ዓመት ዕቅድ ለእያንዳንዱ ቀጠና አንድ የግፊት መለኪያና ዕድሜያቸው ከ45 በላይ ለሆኑ አባላት በዓመት ሁለት ጊዜ የጤና ባለሙያ የሚገኝበት ቀን ይካተት። ወጪውን አስልተን ከበጀቱ ጋር አያይዘናል፤ ደጋፊዎቻችን እንድትመለከቱልን እንጠይቃለን።

ከመካከላችን ገና ሠላሳዎቹን ያልጨረስን አለን። ይህ ነገር ነገ የእኛም ነው። ዛሬ ለእናቶቻችን የምንሠራው ሥርዓት ነገ የሚጠብቀን ነውና በጥሞና እንወያይበት።