የማይክሮኤሌክትሮኒክስ ትምህርትና የሰባት ዓመት መንገድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተነገረ)



ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው ማይክሮኤሌክትሮኒክስ ስለሚባለው ትምህርት ነው። ስሙ ቢከብድም ነገሩ በየኪሳችሁ አለ። በስልካችሁ ውስጥ ያለው ዋናው ቺፕ፥ ከጥፍር የማይበልጠው፥ በሺህ ሚሊዮን የሚቈጠሩ ትራንዚስተሮችን ይዟል።

የሚሠራው ከሲሊከን ነው፤ ሲሊከንም በአሸዋ ውስጥ ሞልቷል። (ወደ አላ ውሃ ወርዳችሁ አሸዋ ለመዛቅ ግን አትቸኩሉ፤ የሚፈለገው የጠራ ኳርትዝ ነው።) ሲሊከኑ ተጣርቶና ቀልጦ እንደ ምሰሶ ይረጋና በስሱ ይቈራረጣል። ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ ቅባት ይቀባል፤ ሥዕሉ በብርሃን ይታተምበታል፤ ያልተሸፈነው ቦታ በኬሚካል ይፋቃል፤ ፎስፎረስ ወይም ቦሮን ይጨመርበታል። ይህም እየተደጋገመ ይፈጸማል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብታርፍበት ይበላሻል።

ወላጆቻችን «ፋብሪካው በሌለበት አገር ይህን ተምራችሁ ምን ልትበሉ ነው? ሐኪም ሁኑ እንጂ!» ይሉናል። እውነት አላቸው፤ ቺፕ የሚያመርት ፋብሪካ በአገራችን የለም፤ ዘመናዊውን ለማቆምም ከአሥር ሺህ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቃል። ዳሩ ግን መንደፍ ሌላ፥ ማምረት ሌላ ነው። ነዳፊው በኮምፒዩተር ነድፎና ፈትኖ ሥራውን ለአምራች ይልካል። ኤንቪዲያ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ እንኳ ቺፖቹን በአብዛኛው የሚያሠራው በታይዋን ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ዘርፍ ለሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ያቀረቡ ወንድሞችና እኅቶች አሉን።

ጃክ ኪልቢ የተባለው አሜሪካዊ ቀን በፋብሪካ እየሠራ ማታ እየተማረ እ.ኤ.አ. በ1950 ሁለተኛ ዲግሪውን ተቀበለ፤ በ1958 የመጀመሪያውን ቺፕ ሠርቶ አሳየ። የኖቤል ሽልማት የደረሰው ግን በ2000 ነው፤ እኛ ይህን ያህል እንኳ አንቈይም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

መንገዱ ይህ ነው፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኋላ አምስት ዓመት ምሕንድስና፥ ከዚያ ሁለት ዓመት የድኅረ ምረቃ ጥናት። የመጀመሪያውን ለመማር ሩቅ መሄድ ግድ አይደለም፤ በጦርነቱ ጊዜ ንብረቱ የተዘረፈው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተነሥቶ የኤሌክትሪካልና ኮምፒዩተር ምሕንድስናን ያስተምራል።

ከክፍላችን አራት ልጆች ይህን መንገድ ልንይዝ አስበናል። ወላጆቻችን ሰባቱን ዓመት እንድትታገሡን፥ የፊዚክስ መምህራችንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ እንዲሰጡን በአክብሮት እንለምናለን፤ ከተበላሹ ራዲዮኖች የነቀልናቸውን ትራንዚስተሮች የምንፈትንበት ሌላ ቦታ የለንም።