ስልክ የሚነሣበት ክፍል



የዛሬው ወጋችን በማደግ ላይ ባለ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ መሥራት ምን እንደሚመስል ነው። የዚህ ዓይነት ኩባንያ ወሬ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራለት ኮድ የሚጽፈው ወጣት፣ ሐሳቡን ያመነጨው ባለቤት፣ ገንዘቡን ያፈሰሰው ባለሀብት ነው። እኔ ወደዚህ ስቱዲዮ ከመምጣቴ በፊት የሠራሁት ግን ኮል ሴንተር ውስጥ ነው፤ ማዳመጫ አጥልቀው ከጠዋት እስከ ማታ «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን እንታዘዝ?» በሚሉ ሰዎች መሀል። ኩባንያው እዚሁ አዲስ አበባ የተቋቋመ፣ ምግብና ዕቃ በሞተር የሚያደርስ ነበር። ስሙ ለወጋችን አይጠቅምም። የሚጠቅመው እዚያ ሆኜ ያየሁት ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ኩባንያ ሲያድግ ቶሎ የሚርቀው ስልክ ከሚነሣበት ክፍል ነው፣ የሚጎዳውም በዚሁ ነው።

ስልክ በእኛ አገር ቴክኖሎጂ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው ለማየት የታክሲ መጥሪያውን ራይድን ማስታወስ ይበቃል። ሳምራዊት ፍቅሩ የራይድን ባለቤት ኩባንያ ሃይብሪድ ዲዛይንስን በአውሮፓውያኑ 2014 ሲመሠርቱ ራሳቸው ፕሮግራመር ነበሩ። አምሽተው ከሥራ ሲወጡ ታክሲ ማግኘቱ፣ በዋጋ መከራከሩ፣ በሰላም ቤት መድረሱ ያሳስባቸው እንደነበር ተናግረዋል። አገልግሎቱ ሲጀመር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር፤ መተግበሪያው ኋላ ነው የመጣው። መተግበሪያው ከመጣ በኋላም 8294 ላይ መደወል አልቀረም። እኔ ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብዬ አላየውም። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው የሠራው ነገር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን በመንገድ ስምና በቁጥር የሚናገር ሰው ስንት ነው? ቤታችንን የምናስረዳው በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በሕንፃ፣ በታክሲ ተራ፣ በኮንዶሚኒየም ብሎክ ነው። ካርታው ላይ ነጥብ ማስቀመጥ የሚችል አለ፤ የማይችለው ደግሞ ይደውላል። የሚደውለውም ዕቃው እንዲደርስለት የቸኮለ፣ ካርድ እንዳያልቅበት የሚጨነቅ ሰው ነው።

አንዱን ጥሪ ልንገራችሁ። የደወሉት እናት ናቸው፤ ያነሣችው ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ነች።

«ልጄ፣ ለልጄ በርበሬ ልልክላት ነበር።»

«እሺ እማማ፣ ከየት ነው የምንረከብዎት?»

«ከገርጂ ነው። ማርያምን አልፈሽ፣ ወፍጮ ቤት የነበረበት ጋ።»

«አሁን ወፍጮ ቤቱ የለም እማማ?»

«የለም፣ ፎቅ ተሠርቶበታል። ከሥሩ መድኃኒት ቤት አለው።»

«እሺ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ወደ ውስጥ የሚገባው ኮብልስቶን ነው?»

«ተባረኪ፣ እሱ ነው። ሁለተኛው በር፣ አረንጓዴው።»

ልጅየዋ የምትኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። እናት የብሎኩን ቁጥር አያውቁትም፤ ደረጃው ሥር እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ እንዳለ ግን ያውቃሉ። ባልደረባዬ ልጅየዋንም ጠየቀች፣ ሱቁንም ያዘች፣ ከዚያ ለሞተረኛው ደውላ ሁሉንም በተራ ነገረችው። በመጨረሻ «እማማ፣ በርበሬው በፌስታል ነው ወይስ በማዳበሪያ? እንዳይፈስብን በደንብ ይሰሩልኝ» አለች። ይህች ልጅ ዲፕሎማዋ በአካውንቲንግ ነው፤ ኮድ የሚባል ነገር ጽፋ አታውቅም። ኩባንያው በመተግበሪያው ሊያገኘው ያልቻለውን አድራሻ ግን በጭንቅላቷ ይዛ የምትዞረው እሷ ነበረች።

በመጀመሪያው ጊዜ የተከራየነው መኖሪያ ቪላ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ እኛ በአንድ ግድግዳ፣ ፕሮግራመሮቹ በሌላው ግድግዳ ጀርባ ለጀርባ እንቀመጣለን። ሞተረኞቹ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ምሳ በአንድ ትሪ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እኩል እናውቃለን፣ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ቅርብ የሆነው ሰው ነው።

በዚያ ጊዜ አንድ ችግር ገጠመን። መተግበሪያው ቀጠሮ መቀበል ጀምሮ ነበር፤ አንድ ደንበኛ ለማኅበር ድፎ ዳቦ አዘው ሰዓቱን 3 ብለው ሞሉ። የአገሩ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሲስተሙ የተሠራበት መሣሪያ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሆነ 3ን እንደ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ወሰደው፤ ሞተረኛው ስልኩ በዚያ ሌሊት ጮኸበት። ባልደረባዬ ጠዋት ስትገባ ወንበሯን አዞረችና «ሰው ሰዓት የሚነግረን ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት እያለ ነው፤ እናንተ ለምን ቁጥር ብቻ ትጠይቁታላችሁ?» አለች። ፕሮግራመሩ ልጅ ሰማት። ከምሳ በኋላ መተግበሪያው ላይ እነዚያ አራት ቃላት ገብተው ነበር። ማንም ስብሰባ አልጠራም፣ ማንም ቅጽ አልሞላም።

በሰኔ 2012 ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መቋረጡም ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ መተግበሪያው ከንቱ ሆነ። የድምፅ ጥሪ ግን ነበር። ከተማው ረጋ ሲል ደብተር አውጥተን ትእዛዝ በእጅ እየጻፍን ለሞተረኞቹ አንድ በአንድ መደወል ጀመርን። ኮድ ጸሐፊዎቹም ሥራ ስላልነበራቸው አብረውን ስልክ አነሡ። ከእነሱ አንዱ ያኔ የሰማውን ነገር ለወራት ሲያወራው ነበር፤ ሰዎች ምን ያህል ታጋሽ እንደሆኑ፣ ምን ያህልም በትንሽ ነገር ግራ እንደሚጋቡ።

ከዚያ አደግን። ግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ጀመረ፣ በስልክ መክፈል እየተለመደ መጣ። መስከረም 2015 ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ገባ፣ ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ ተገኘ። ትእዛዙ በዛ፣ ሠራተኛው በዛ፣ ቪላው ጠበበ። ወደ ሕንፃ ገባን። ፕሮግራመሮቹ ላይኛው ፎቅ፣ እኛ ከታች። አስተዳደር፣ የሰው ኃይል፣ ማርኬቲንግ የሚባሉ ክፍሎች ተቋቋሙ፤ መቋቋማቸውም ተገቢ ነበር፤ ደመወዝ በቀኑ መግባት፣ የሞተረኛው ኢንሹራንስ መስተካከል ያለ እነሱ አይሆንም ነበር። ዕድገትን የምወቅስ ሰው አይደለሁም። ብዙ ወጣት እንጀራውን ያገኘው ኩባንያው ስላደገ ነው።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ከእኛ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ሁሉ በቲኬት ሆነ። ችግሩን በሁለት መስመር ጽፈህ ትልካለህ፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወረፋ ይይዛል። አንድ ሰሞን ደንበኞች «ሳሪስ ብዬ ብፈልግ አያገኝልኝም» እያሉ ደጋግመው ደወሉ። ጉዳዩ ቀላል ነው፤ ቦታው የተመዘገበው በንጉሡ «ሣ» ነው፣ ሰው የሚጽፈው በእሳቱ «ሳ» ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ፊደል። «ሐዋሳ» እና «ሀዋሳ»ም ያው ነው። ቲኬቱ ተላከ። ከላይ የመጣው መልስ «ችግሩ ተሞክሮ አልታየም» የሚል ነበር፤ የሞከረው ልጅ ስሙን የጻፈው በላቲን ፊደል ስለነበር ተገኝቶለታል። ቲኬቱ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ደዋዩን ሰምቶ አያውቅም። በቪላው ዘመን ቢሆን ባልደረባዬ ወንበሯን አዙራ ስልኳን ታሳየው ነበር።

ከዚህ የባሰው የደቂቃው ጉዳይ ነው። ክፍላችን ግድግዳ ላይ ስክሪን ተሰቀለ፤ የእያንዳንዳችን ጥሪ በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያሳያል። የረዘመ ቀይ ይሆናል። ሱፐርቫይዘሩ በወር መጨረሻ በዚያ ይመዝነናል። የበርበሬዋ እናት ጥሪ በዚህ ሚዛን ጥፋት ነው። ስለዚህ ልጆቹ አጭር መልስ መልመድ ጀመሩ፤ «እባክዎ ሎኬሽን ይላኩልን»። ሎኬሽን መላክ የማያውቅ ሰው ስልኩን ይዘጋዋል፣ ያ ጥሪ ደግሞ በስክሪኑ ላይ አጭርና አረንጓዴ ሆኖ ይመዘገባል። ይህ አሠራር ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያኔም ብዬዋለሁ። ኩባንያው ከማንም በላይ የሚያስፈልጉትን ደንበኞች እያባረረ ጥሩ ውጤት ይጽፍ ነበር።

ደመወዝም አለ። በሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የሰርቨር ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው። ፕሮግራመሮቹም ቤታቸው ተቀምጠው ለውጭ ኩባንያ በዶላር መሥራት የሚችሉ ስለሆኑ አንድ በአንድ ተሰናበቱ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ኮል ሴንተር ያለው ግን እንዲህ ያለ አማራጭ የለውም፣ ይቆያል። በዚህም ምክንያት የኩባንያው ትዝታ የቀረው ከታች ፎቅ ነበር። የትኛው ነገር ለምን እንደዚያ እንደተሠራ፣ የትኛው ደንበኛ በምን እንደተቀየመ የሚያስታውሱት ስልክ አንሺዎቹ ነበሩ። ክፍያቸው ከሁሉ ያነሰ፣ አንዳንዶቹም በሌላ ድርጅት በኩል በውል የተቀጠሩ ነበሩ።

ፒያሳ በ2016 ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ይህ ነገር ፈጥጦ ታየ። ደዋዩ «ዶሮ ማነቂያ ጋ» ይላል፤ መተግበሪያው ላይም ዶሮ ማነቂያ አለ፤ ሞተረኛው ሲሄድ ሰፈሩ የለም፣ አጥር ነው። በየቀኑ አንድ ምልክት ይጠፋል፣ አንድ መንገድ ይዘጋል። ከካርታው ቀድሞ የሚያውቀው ስልክ አንሺው ነው፤ ምክንያቱም ሰዎች በአዲሱ ነገር ማስረዳት የሚጀምሩት ወዲያው ነው፤ «አጥሩ ካለቀበት»፣ «አዲሱ መብራት የተተከለበት»፣ «እነ እገሌ የተዛወሩበት»። ባልደረባዬ በጠረጴዛዋ ላይ ደብተር ይዛ እነዚህን ትጽፍ ነበር፤ የጠፋውን ቦታ በአንድ ዓምድ፣ ሰው አሁን በምን እንደሚጠራው በሌላው ዓምድ። ከተነሡት ሰዎች ብዙዎቹ የት እንደገቡ ሁሉ ታውቃለች። የድሮ ጎረቤቶቻቸው ዕቃ ሲልኩላቸው የምታገናኛቸው እሷ ነበረች። ያን ደብተር የጠየቃት አለቃ አላየሁም። በእኔ ግምት በዚያ ዓመት ኩባንያው ካፈራቸው ነገሮች ሁሉ የላቀው እሱ ነበር።

አሁን ደግሞ በአማርኛ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይመጣል፣ ስልኩን ማሽን ያነሣዋል ይባላል። ይምጣ፣ አልቃወምም። ግን ከማን ሊማር ነው? «ወፍጮ ቤት የነበረበት ጋ» ሲባል «አሁን ምን ሆኗል?» ብሎ መጠየቅን የሚያስተምረው ያ ክፍል ነው። ክፍሉን በትነው ማሽኑን ካስገቡ፣ ማሽኑ ሳይማር የሚቀረው ይህንን ነው። ለባለቤቶች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስልክ አንሺዎቻችሁን በቋሚነት ቅጠሩ፤ አክሲዮን ለሠራተኛ ስታካፍሉ እነሱንም ቁጠሯቸው፤ ጥሪውን በደቂቃ ሳይሆን ዕቃው በመድረሱ መዝኑት፤ አዲስ የቀጠራችሁትን ፕሮግራመር ደግሞ ላፕቶፑን ከመስጠታችሁ በፊት ማዳመጫ አድርጉለትና ከልጆቹ መሀል አስቀምጡት።

ይህን የምለው ሲሆን ስላየሁ ነው። አንድ አዲስ የገባ ልጅ በራሱ ፈቃድ ወርዶ ከባልደረባዬ ጎን ተቀመጠና አንድ ከሰዓት ሙሉ ሲያዳምጥ ዋለ። ደዋዮቹ ስልካቸውን ከተናገሩ በኋላ ሌላ ቁጥር ይጨምራሉ፤ «መብራት ስለሌለ ባትሪዬ ሊዘጋ ይችላል፣ ካልሠራ በጎረቤቴ ደውሉ»፤ «እኔ ካላነሣሁ የዘበኛውን ያዙ»። መተግበሪያው የሚቀበለው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ሁለተኛውን ልጆቹ ወረቀት ላይ እየጻፉ ለሞተረኛው ደውለው ይነግሩታል። ልጁ «ይህን ለምን አልነገራችሁንም?» አለ። «ቲኬት ልከናል» አለችው፣ ሳትቆጣ። ቁጥሩን ፈልጋ አወጣችለት። ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ በዚያው ሳምንት ትእዛዝ መቀበያው ላይ አዲስ መስመር ገባ፤ «ካልተነሣ የሚደወልበት ሌላ ስልክ»። ከዚያ ወዲያ ልጁ በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ወንበር ይዞ ይወርድ ነበር።