የፋብሪካ ጭስ በሕግ ይመራ!



እኛ የፋብሪካ ጠላቶች አይደለንም። የልጆቻችን ደብተር የሚሠራው በወረቀት ፋብሪካ ነው፤ ሠራተኛውም ወገናችን ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ደብተር ለማግኘት ልጆቻችን በጭስ መታፈን አለባቸው ወይ?

ለወረቀት የሚሆን እንጨት በሰልፋይድ ኬሚካል ሲቀቀል፣ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ድኝ ያለበት ነዳጅ የሚያቃጥል ቦይለርም የአስም ሕመምተኛን የሚያፍን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለምና ቁጥጥሩ በመሣሪያ ሊሆን ይገባል።

ሕግ አልጠፋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቅዷል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ነገር ግን የጭሱን ልክ የማያውቅ ዜጋ በምን ማስረጃ ይከራከራል?

ስለዚህ ብትመርጡን፦

1. በየጭስ ማውጫው መለኪያ እንዲተከል እናስገድዳለን፤
2. ውጤቱ በየወሩ በቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ እናደርጋለን፤
3. ተቆጣጣሪው ፋብሪካውን ከሚያስተዳድረው አካል ነፃ እንዲሆን እንደነግጋለን፤
4. ፋብሪካዎች ማጣሪያ የሚተክሉበትን የጊዜ ገደብ እንወስናለን፤ ገደቡን ያሳለፈ ይቀጣል፤ የሠራተኛው ደመወዝ ግን አይነካም።

መብታችን በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ድምፃችሁን ስጡን!